ካምፓላ ይረክሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱስ?

ከሐዋሳ አንድ አንባቢ የጻፉልኝ ጥያቄ ይኸው፤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«58 ዓመቴ ነው። በዓለም አቀፍ ድርጅት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታዬ በወር 2,050 ዶላር ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት አለን፣ ግማሹን አከራይተናል። ከባለቤቴና 10ኛ ክፍል ከምትማረው ልጃችን ጋር ወጣ ብለን ለረጅም ጊዜ መኖር አስበናል። ካምፓላ ያለ ጓደኛዬ "ኪራዩ ከናይሮቢ በግማሽ ይቀንሳል፣ ና" ይለኛል። ናይሮቢ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ "ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፣ ዝም ብለው በሞያሌ ይግቡ" አለኝ። አንድ ደላላ ካምፓላ ላይ የስደተኛ ካርድ አወጣልሃለሁ ብሎኛል። ቤቱን ሸጬ እዚያ መሬት ብገዛስ? የቱን አገር ልምረጥ?»

ጋሼ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ኬንያ ይሂዱ፣ ግን ናይሮቢ ላይ ችክ አይበሉ። ቤቱን አይሽጡ። የደላላውን ስልክ ቁጥር ደግሞ ያጥፉት። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ሰው አገር ሲያወዳድር ቶሎ የሚጠይቀው ኪራይ ስንት ነው፣ ጤፍ ይገኛል ወይ፣ ሐኪም ቤቱ እንዴት ነው የሚለውን ነው። ቢሮዬ የሚመጡትም እንደዚያው ናቸው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ግን ሁለተኛ መምጣት አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው «እዚያ አገር በምን ስም ነው የምኖረው?» ነው። ቱሪስት ነዎት? ሠራተኛ ነዎት? ነጋዴ? ተማሪ? ሕጉ የሚያውቀው ስም ከሌለዎት ኪራዩ በግማሽ ቢረክስም ያተረፉት ገንዘብ ለቅጣት፣ ለደላላና ድንበር ለመመላለስ ያልቃል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ፖሊስ ባዩ ቁጥር መደንገጥ በ58 ዓመት የሚገባበት ኑሮ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ሁለቱን አገሮች እንያቸው።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ አላት። በዚያ ሕግ ሥር የሚሰጡት ፈቃዶች በፊደል የተከፈሉ ናቸው። ክፍል ዲ ለተቀጣሪ ነው። ክፍል ጂ ለነጋዴ ነው፣ ቢያንስ 100,000 ዶላር ካፒታል ይጠይቃል። እርስዎን የሚመለከተው ክፍል ኬ ነው። ይሄ ሥራ ሳይሠሩ በገቢያቸው ለሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይ ለጡረተኞች የተሰናዳ ነው። ዕድሜ ከ35 ዓመት ማነስ የለበትም። በዓመት ቢያንስ 24,000 ዶላር የተረጋገጠ ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል። ገቢው የራስዎ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ያለ ልጅ እየቆረጠ የሚልከው ገንዘብ እንደዚህ አይቆጠርም። ከውጭ የሚመጣ ከሆነም ኬንያ መግባት አለበት። እዚያ ተቀጥረው ላለመሥራትም ግዴታ ይገባሉ።

አሁን ጡረታዎን በ12 ያባዙት። 24,600 ዶላር ይመጣል። ከሚፈለገው በ600 ዶላር ብቻ ይበልጣል። ጠባብ ነው፣ ግን ያልፋል። ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ሰዎች እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርሱም፣ እርስዎ ግን ደርሰው ሳለ ያላወቁት በር ቆሞልዎታል። ጡረታው በዶላር መከፈሉም ትልቅ ነገር ነው። የሐዋሳው ኪራይ በብር ነው፣ ወደ ኬንያ በሕጋዊ መንገድ መላኩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ቢጠቅሱት እንኳ ዋና ማስረጃ አያድርጉት። ከጡረታ ከፋዩ ድርጅት መጠኑንና ዕድሜ ልክ የሚከፈል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስጽፉ። የባንክ መግለጫም ያያይዙ።

አንድ ነገር አስረግጬ ልንገርዎ። ክፍል ኬ ይዞ «ትንሽ ንግድ ልሞክር» አይባልም። ባለቤትዎና ልጅዎ በእርስዎ ሥር ፈቃድ ያገኛሉ፤ ባለቤትዎ የጥገኛ ፈቃድ፣ ልጅዎ የተማሪ ፈቃድ። የጥገኛ ፈቃድም የሥራ ፈቃድ አይደለም። ባለቤትዎ እዚያ ላሉ ሐበሾች እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ የሚል ሐሳብ ካላቸው፣ ያ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሌላም አለ፤ ማንሳቱ ደስ አይልም፣ ግን ሥራዬ ነው። የጥገኛ ፈቃድ የሚቆመው በዋናው ባለፈቃድ ላይ ነው። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ የባለቤትዎ ፈቃድ አብሮ ይናጋል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ጡረታ ከፋዩን «ለሚስት ምን ያህል ይተላለፋል?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ዩጋንዳን ልምጣ። ጓደኛዎ አልዋሸዎትም። ካምፓላ ሰው ወዳድ ከተማ ነው፣ ካባላጋላ ሰፈር ገብተው አማርኛ ሳይሰሙ አይወጡም። ችግሩ ሕጉ ላይ ነው። የዩጋንዳ የመግቢያ ፈቃድ (ስሙ መግቢያ ይበል እንጂ ለረጅም ጊዜ መቀመጫ የሚሰጠው ነው) ምድቦች ግብርና፣ ማዕድን፣ ንግድ፣ ፋብሪካ፣ ሙያና ቅጥር የሚሉ ናቸው። ሁሉም ሥራ ወይም ካፒታል ይጠይቃሉ። «ጡረታዬን እየበላሁ በሰላም ልቀመጥ» የሚል ሰው የቱ ውስጥ ይገባል? እዚያ ያሉ የእኛ ሰዎች በቱሪስት ቪዛ ገብተው፣ ልዩ ፓስ የሚባለውን ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ጠይቀው፣ ያ ሲያልቅ ወጥተው እንደገና እየገቡ ይኖራሉ። ለስድስት ወር ሊያስኬድ ይችላል። እርስዎ ግን የጠየቁኝ ስለ ረጅም ጊዜ ነው፣ ልጅዎም ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ለሥራ የሚሄድ ወጣት፣ ቀጣሪ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ሁለቱ አገሮች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስለሆኑ «ኬንያ ከገባህ ዩጋንዳም ያንተ ነው» የሚል ወሬ አለ። ያ ለእነሱ ዜጎች ነው። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። ለሌላው ሰው ያለው የጋራ የቱሪስት ቪዛ ነው፤ 100 ዶላር ይከፈላል፣ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን ያስጎበኛል። መጎብኘት እንጂ መኖር አይደለም።

የእህትዎ ልጅ ያለው ግማሽ እውነት ነው። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም። ግን ቪዛ አለመጠየቅ ማለት መኖር መፈቀድ ማለት አይደለም። ሞያሌ ላይ ፓስፖርትዎ ላይ የሚመታው ማኅተም ቀን አለው። ያ ቀን ሲያልፍ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ይሆናሉ፤ በኬንያ ሕግ ደግሞ ይሄ እስከ 500,000 የኬንያ ሺሊንግ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በየሦስት ወሩ ሞያሌ ደርሶ ማኅተም አስመትቶ መመለስም መፍትሔ አይደለም፣ የድንበሩ ኦፊሰር አንድ ቀን ፓስፖርቱን ገልብጦ አይቶ «አንተ እዚህ የምትኖር ሰው ነህ» ማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ክፍል ኬ ቢጠይቁ ፋይልዎ ቆሽሿል። አሁን ንጹሕ ነው፣ በንጽሕናው ይጠቀሙበት። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም ከ90 ቀን በላይ የሚቀመጥ የውጭ ዜጋ መመዝገብና የውጭ ዜጋ መታወቂያ መያዝ አለበት። ይሄን አይርሱ።

ስለ ደላላው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ የተጎዱ ሰዎች አውቃለሁ። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለጋስ ነው። ስደተኛ ይሠራል፣ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል። ደላላዎቹ ይሄን አይተው እንደ ርካሽ የመኖሪያ ፈቃድ ይሸጡታል። ጋሼ፣ ጥገኝነት የሚጠየቀው አገር ቤት መኖር ላልቻለ፣ ለሚሳደድ ሰው ነው። እርስዎ ሐዋሳ ቤትዎ ተቀምጠው፣ ኪራይ እየተቀበሉ፣ ፓስፖርትዎን አሳድሰው ይሄን ቢያመለክቱ የውሸት ቃል ሰጡ ማለት ነው። ካርዱን ቢያገኙት እንኳ ለፋሲካ ሐዋሳ ደርሰው ሲመለሱ የጥገኝነቱ መሠረት ይናዳል። የወንድም ለቅሶ ቢመጣ ምን ሊያደርጉ ነው? በእውነት የሚሳደደው ሰው ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ማመልከቻ ብዛት ወረፋው ይረዝምበታል። ይሄን እንዲያደርጉ በፍጹም አልፈልግም።

አሁን ቤቱ። ሸጠው መሬት ቢገዙ ምን ያገኛሉ? በሁለቱም አገር የውጭ ዜጋ መሬትን በባለቤትነት አይይዝም። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 ለውጭ ዜጋ የሚፈቅደው ሊዝ ብቻ ነው፣ ከ99 ዓመት ሳይበልጥ። ዩጋንዳም ከሊዝ በላይ አትሰጥም፣ ጣሪያው እዚያም 99 ዓመት ነው። ካምፓላና ዙሪያዋ ላይ ደግሞ «ማይሎ» የሚባል የይዞታ ዓይነት አለ። አንዱ ሰው የመሬቱን ካርታ ይይዛል፣ ሌላው ሰው መሬቱ ላይ በሕግ የታወቀ የመኖር መብት ይኖረዋል። ለአገሬው ሰው እንኳ የዘወትር ክርክር ነው። ከሐዋሳ የሄደ ጡረተኛ ካርታውን ብቻ አይቶ ቢገዛ መሬቱ ላይ የሚኖረውን ቤተሰብ ይዞ ነው የሚገዛው።

ገንዘቡስ በምን ይሻገራል? በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ላልቷል፤ ቤት ሸጦ ያገኙትን ብር ግን ባንክ ሄደው «ውጭ አገር መሬት ልገዛበት ነው፣ በዶላር ላኩልኝ» የሚሉበት በር አልተከፈተም። ሰዉ የሚሄደው በጥቁር ገበያ ነው። እሱ ወንጀል ነው፣ ቢጠፋም ክስ የሚያቀርቡበት ቦታ የለም። የዕድሜ ልክ ጥሪትዎን በአንድ ስልክ ጥሪ ለማያውቁት ሰው መስጠት ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቱን ያከራዩት። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፣ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብም አለበት፤ አዋጁ ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ውጭ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚሠራ የሐዋሳውን አፈጻጸም ማዘጋጃ ቤት ሄደው ያጣሩ። የኪራይ ገቢ ግብሩም ውጭ ስለሄዱ አይቀርም።

ውክልና ለማን ይሰጣሉ? ለወንድም ቢሆንም በጥንቃቄ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጥሩ ነው፣ ግን በየጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የሚጻፈው የውክልና ፎርም «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉትን ቃላት በልማድ ጨምሮ ነው የሚወጣው፤ ሰዉም ሳያነብ ይፈርማል። አንዲት ደንበኛዬ እንዲሁ ፈርመው ሄደው ሲመለሱ ቤታቸው በባንክ ብድር ተይዞ አገኙት። እርስዎ የሚሰጡት ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈልና ጥገና ማሠራት ብቻ ይሁን። ጸሐፊው «ይሄ የተለመደ ነው» ቢልዎት ያስሰርዙት።

ርካሽነቱን ታዲያ ከየት እናምጣው? ከከተማው። የኬንያ ፈቃድ ናይሮቢ ኑሩ አይልም። ኪሱሙ አለ፣ ናኩሩ አለ፣ ኤልዶሬት አለ። ለሐዋሳ ሰው ኪሱሙ የሚስማማ ይመስለኛል፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው፣ ዓሣውም እንደ አሞራ ገደል ከሐይቁ ዳር ይበላል። ዩጋንዳ ድንበርም ቅርብ ስለሆነ ጓደኛዎን ካምፓላ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። በጀቱ ላይ ግን የፈቃዱን ማመልከቻና ዓመታዊ ክፍያ ከኪራዩ ጋር ደምሩት፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን የማስኬጃ ክፍያው አይመለስም።

ስለ ዜግነት አልጠየቁኝም፣ ግን ውሎ አድሮ ይመጣል። በኬንያ በሕጋዊ መንገድ ሰባት ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው ዜግነት መጠየቅ ይችላል። በእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቤት ያለዎት ሰው ስለሆኑ ያኔ ሳይቸኩሉ ያስቡበት።

አሁኑኑ ሊጀምሩት የሚገባው ወረቀት ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይውጣ፤ ጋብቻችሁ በሽማግሌ ከነበረና ካልተመዘገበ እሱ ይቅደም፣ ምክንያቱም ያለ እሱ ባለቤትዎ ለኬንያ ኢሚግሬሽን ሚስትዎ አይደሉም። ከፖሊስ ከወንጀል ነጻ ማረጋገጫ ያውጡ። ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ዕቃ አይሽጡ፣ ልጅቷንም ከትምህርት ቤት አያስወጡ፣ ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ።

አንድ ነገር ደብዳቤዎ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ባለቤትዎ ምን ይላሉ? ቤቱ የጋራችሁ ከሆነ ያለ እሳቸው ፊርማ አይሸጥም። ከሐዋሳ መነቀሉም የሁለታችሁ ነው። ለምክር ወደ ቢሮ ከመጡ አብረው ይምጡ፣ የጡረታውን ደብዳቤና የቤቱን ካርታ ኮፒም ይያዙ።