ሰዓቱ ለወንድምሽ፣ ገመዱ ለእህትሽ

ሰላም እህቴ። ሩጫ ለጀመረው ወንድምሽ የሩጫ ሰዓት ይሻለዋል ወይስ ውድ ጫማ ብለሽ ጠይቀሻል፤ ማየት የተሳናት ታናሽ እህትሽ ከእናንተ ጋር እንድትሮጥ የሚያግዛት ቴክኖሎጂ መኖሩንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መሮጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ስለ ጫማው ብዙ የምለው የለኝም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ነው። ኮሮኮንች ላይ ለሚለማመድ ጀማሪ እንዲህ ያለ ጫማ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የሶሉ ውፍረትም ሕግ አለው፤ ሯጩ ደራራ ሁሪሳ በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ ከወጣ በኋላ የተሰረዘው፣ የተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ የእሱ 50 ስለነበረ ነው። ለወንድምሽ እግሩን የማያቆስል መደበኛ የመለማመጃ ጫማ ይበቃዋል።

ሰዓቱን ግን ግዢለት። እኔን የጠቀመኝ ቀስ ብዬ እንድሮጥ በማስገደዱ ነው። ጀማሪ በየቀኑ ይወዳደራል፤ እኔም ከፊቴ ሰው ካየሁ ሳልደርስበት አልመለስም ነበር። በሦስተኛው ወር ቅልጥሜን አሞኝ ስድስት ሳምንት ተኛሁ። በሰዓቱ የልብ ምቴን መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ግን ቀላል የተባለው ቀን በእርግጥ ቀላል ሆነልኝ።

አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ብዙ ሰዓቶች ከፍተኛውን የልብ ምት የሚገምቱት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። ያኔ 38 ዓመቴ ነበርና ሰዓቴ 182 አለኝ። በደንብ ተሟሙቄ የእንጦጦን ዳገት ሦስት ጊዜ በሙሉ ኃይሌ ስወጣ በደረት ቀበቶ የተለካው 194 ሆነ። ስሌቱ የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነ ለአንድ ሰው ላይገጥም ይችላል። የእጅ አንጓው መለኪያ ደግሞ ደምን በብርሃን ስለሚያነብ፣ በብርድ ማለዳ የደም ሥር ሲኮማተር ይሳሳታል። ባሕር ዛፍ መሐል ዚግዛግ ሲሮጥም ርቀቱን በሳተላይት የሚለካው ሰዓት መታጠፊያዎቹን እየቆረጠ ያሳንስበታል፤ ጫካ ሲገባ ኪሎ ሜትሩን ትቶ በደቂቃ ይሩጥ። እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ሰዓቱ ምንም ቢል ፈጥኗል ማለት ነው።

ወደ እህትሽ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማየት የተሳናት ሯጭ ያየሽ ጌቴ በ2024ቱ የፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከመሪ ሯጯ ጋር ያያያዛት አጭር ገመድ ነበር። ሕጉም መሪው ከእሷ ቀድሞ መስመሩን እንዳያልፍ ያዛል፤ ሩጫው የእሷ ነውና።

እኔ ማየት የተሳናትን ጓደኛዬን ስመራ አራት ዓመት አለፈኝ። በመጀመሪያው ቀን ላስቲክ ተጠቀምን፤ እኔ ስታጠፍ ላስቲኩ ተለጠጠና ምልክቱ ዘግይቶ ደረሳት፣ ከጠርዙ ጋር ተጋጭታ ጉልበቷ ተላጠ። በማግስቱ የማይለጠጥ የጫማ ማሰሪያ ወስደን ሁለቱን ጫፎች ጣት እንዲያስገቡ አድርገን ቋጠርን። የእኔ ቀኝ እጅና የእሷ ግራ እጅ አብረው መወዛወዝ ሲጀምሩ፣ ገና አፌን ሳልከፍት መታጠፊያውን ታውቀው ጀመር። እስካሁን የምንሮጠው በዚያው ማሰሪያ ነው።

ስልኳም ትልቅ ነገር ጨመረላት። በየኪሎ ሜትሩ ርቀቱንና ፍጥነቱን በድምፅ የሚናገር መተግበሪያ ጭነን ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ በፊት «ስንት ቀረን?» እያለች እኔን ትጠይቅ ነበር። ድምፁን በሰማች በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ ቀስ ብለሃል፣ እንጨምር» አለችኝ። ያን ቀን ፍጥነቱን የወሰነችው እሷ ነበረች፤ ደስታዋን በእጇ ላይ ይሰማኝ ነበር።

የጆሮ ማዳመጫ ግን አይሁን፤ መኪናውንም ሰውንም የምታውቀው በጆሮዋ ስለሆነ ስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ይናገር። ለመጀመሪያ ቀን የስታዲየም መም ወይም ጉድጓድ የሌለው ሜዳ ምረጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ወንድምሽ ዐይኑን በጨርቅ ሸፍኖ አንቺ በማሰሪያው እየመራሽው ሃያ ደቂቃ ይራመድ። ገመድ መያዝ ትወድ እንደሆነ ወይም ክንድ መያዝ ይሻላት እንደሆነ ደግሞ እሷን ጠይቂያት።