ማረጋገጫው ከተሰጠ በኋላ ሊፍቱን ማን ይፈትሸዋል?

ጥያቄውን ያቀረቡት ወንድማችን በደብረ ብርሃን ባስገነቡት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሊፍት እንዳስተከሉ፣ የሚመለከታቸው የመንግሥት ባለሙያዎች መጥተው አይተው ማረጋገጫ እንደሰጧቸው፣ አቅራቢውም የቀረውን ክፍያ እየጠየቃቸው እንደሆነ ጽፈዋል። «መንግሥት ካረጋገጠልኝ ሌላ ፍተሻና የጥገና ውል ለምን ያስፈልገኛል? ክፍያውንስ ልልቀቅለት?» የሚል ነው ጥያቄያቸው። በሊፍት ተከላና ጥገና መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በኋላም በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስሠራ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ፦ ከዚህ በታች የምገልጻቸው ሙከራዎች እርስዎ ባሉበት እስኪደረጉ ድረስ ክፍያውን አይልቀቁ፤ የጥገና ውል ሳይኖርም ሊፍቱን ለተከራይ አይክፈቱ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችንና የሕዝብ መገልገያዎችን በምድብ «ሐ» አስቀምጦ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይኖራቸው አገልግሎት እንዳይሰጡ መከልከሉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ለዚህ ጉዳይ የሚመጣ ባለሙያ በአንድ ጉብኝት ደረጃውን፣ የእሳት አደጋ መውጫውን፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩንና የፍሳሹን ነገር ሁሉ ማየት ይኖርበታል። እኔ በተገኘሁባቸው ርክክቦች ለሊፍቱ የሚደርሰው ጊዜ ሰነዱን ለማገላበጥ፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ ለመውረድና የማንቂያ ደወሉን ለመሞከር የሚበቃ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የሙከራ ጭነትና ሊፍቱን የተከለው ቴክኒሻን ካልቀረበላቸው ከዚህ አልፈው ሊያዩ አይችሉም፣ ይህን የማቅረብ ኃላፊነት ደግሞ የባለንብረቱ ነው። በብሪታንያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ሰው የሚያመላልስ ሊፍት በየስድስት ወሩ በጥልቀት እንዲመረመር ያስገድዳል። በኒውዮርክ ከተማም ከዓመታዊው ሙከራ ሌላ በየአምስት ዓመቱ በሙሉ ጭነት የሚካሄድ ሙከራ አለ። የተከላው ዕለት ፍተሻ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

ወደ ሙከራዎቹ ልግባ። ብዙ ሰው የሚፈራው ገመድ ይበጠሳል ብሎ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 81 ደረጃ ሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ላለው ሊፍት ገመዶቹ ከሚጫንባቸው ቢያንስ 12 እጥፍ እንዲችሉ ስለሚጠይቅ፣ በአግባቡ በተያዘ ሊፍት ላይ ይህ አደጋ እጅግ ጥቂት ነው። ቢከሰት እንኳ ሰው የሚገባበት ካቢን ከተመደበለት ፍጥነት 115 በመቶውን ሲያልፍ ፍጥነቱን የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ገቨርነሩ፣ ይይዛል፣ ከካቢኑ ጋር የተገጠመው መንከሻ፣ ሴፍቲ ጊሩም፣ ካቢኑ የሚሄድበትን ሐዲድ ነክሶ ያቆመዋል። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ እርሱ ራሱ ከላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጦ ለሕዝብ ያሳየው ይህንኑ ዓይነት መከላከያ ነበር። ቴክኒሻኑ ገቨርነሩን በእጁ ሲያስነክሰው ካቢኑ ሐዲዱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር እርስዎም ይዩት።

ቀጥሎ የብሬኩ ሙከራ ነው። ስምንት ሰው የሚይዘው የተለመደው ሊፍት አቅሙ 630 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ብሬኩ ግን የዚህን 125 በመቶ፣ ማለትም 788 ኪሎ ግራም ገደማ ይዞ በሙሉ ፍጥነት እየወረደ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ካቢኑን ማቆም አለበት። ይህ ስምንት ኩንታል የሚጠጋ ነው፤ ከግንባታው የተረፈ ሲሚንቶ ካለዎት 16 ከረጢት በወለሉ ላይ እኩል አሰራጭቶ መጫን ይበቃል፣ ማንም ሰው ግን አብሮ መግባት የለበትም። ያንኑ ሲሚንቶ ሲጭኑ የሚታይ ሌላ ነገርም አለ፤ ጭነቱ 705 ኪሎ ግራም ሲደርስ ሊፍቱ ጮኾ፣ በሩን ሳይዘጋ «አልነሣም» ማለት አለበት። ለብሬኩ ሙከራ ቴክኒሻኑ ይህን መከላከያ ለጊዜው ያልፈዋልና ሲጨርስ መመለሱን እንደገና ጭነው ያረጋግጡ። ባዶ ካቢንም ይሞከር፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ማመጣጠኛ ክብደት፣ ካውንተርዌይቱ፣ የካቢኑን ክብደትና የአቅሙን ግማሽ ያህል ስለሚመዝን፣ ብሬክ ሲከዳ ባዶ ካቢን የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

አብዝቼ የምሠጋው ግን ለበሮቹ ነው። በሊፍት ምክንያት ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በር ላይ ነው፤ ካቢኑ ሳይኖር በተከፈተ በር ካቢኑ ወደሚመላለስበት ጉድጓድ ሲገባ፣ ወይም በሩ ሳይዘጋ ካቢኑ ሲነሣ። እያንዳንዱ የፎቅ በር ካልተቆለፈ ሊፍቱ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ንክኪ አለው፣ ንክኪው አቧራ ሲይዘው ወይም ሲላላ ሊፍቱ እየቆመ ያስቸግራል። ያን ጊዜ አንዳንድ ቴክኒሻን ሕንፃው እንዳይጮህበት ብሎ በመቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ንክኪውን በቁራጭ ሽቦ ዳይሬክት ያደርገዋል፣ ማለትም በሩ ባይዘጋም እንደተዘጋ እንዲቆጠር አገናኝቶት ይሄዳል። በአንድ ሆቴል የሆነውን ልንገርዎ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስገብታ ልትከተል ስትል በሩ እንደተከፈተ ካቢኑ ተነሣ። ወደ ኋላ በመውደቋ ተረፈች። እኔ ተጠርቼ ቦርዱን ስከፍት ሽቦው እንደተገናኘ አገኘሁት፤ የዚያ ሊፍት ማረጋገጫ ገና ጊዜው ያላለፈበት ነበር፣ ሽቦው የገባው ከፍተሻው በኋላ ስለሆነ ፍተሻውን ያደረገ ሰው ሊያገኘው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ይህን የሚይዝ በየወሩ የሚደረግ ክትትል ብቻ ነው። ሙከራውም ቀላል ነው፦ ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን የፎቅ በር በየተራ በጥቂቱ ከፍቶ ይያዝ፣ ሌላ ሰው ሊፍቱን ከሌላ ፎቅ ይጥራው፤ ከተነሣ ወዲያው አዘግተው ቦርዱን ያስከፍቱ። የበሩ መክፈቻ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍም ለጥበቃ ሠራተኛ እንዲሁ አይሰጥ፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ለማውጣት የሚቸኩል ሰው ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋና ካቢኑ የት እንዳለ ሳያይ በር ከከፈተ አደጋውን እርሱ ያመጣዋል። በሥርዓት የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች ይበቁዎታል።

ስለ አካባቢያችን ደግሞ ከአቅራቢው ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሞተርና የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ግን በመደበኛ አቅማቸው የሚታሰቡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሙቀታቸውን ስለማይወስድላቸው ብዙ አምራቾች ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከአቅማቸው 1 በመቶ ያህል እንዲቀነስ ይመክራሉ፤ በእኛ ከተማ ይህ ወደ 18 በመቶ ይደርሳል። ለአዲስ አበባም ሆነ ለጠረፍ ከተማ አንድ ዓይነት ኢንቨርተር የሚያመጣ አቅራቢ ይህን ማስላቱን በጽሑፍ ያሳይዎት። የሞተር ክፍሉም ሙቀት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ መሆን ስላለበት፣ ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ የጣሪያ ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ለውርጫችን አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒው፣ ሙቀቱ ነው። በክረምት ደግሞ ውኃ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ ከታች ካቢኑን የሚቀበለውን ባፈርና የታችኛውን ማቆሚያ ስዊች እንዳያዝገው፣ ሐምሌ ላይ ጉድጓዱን በባትሪ ብርሃን ያስዩ።

ስለ ጥገና ውሉ የምለው አጭር ነው። የሸጠልዎት ድርጅት ቢጠግን ክፋት የለውም፣ ነገር ግን የጠገነው ሰው ራሱ ፈታሽ ሆኖ እንዳይፈርም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት የሌለው የኤሌክትሮመካኒካል ባለሙያ ቀጥረው ያስመርምሩ። በሞተር ክፍሉ ውስጥ መዝገብ ይቀመጥ፤ የገባው ቴክኒሻን ምን እንደነካ፣ ምን እንደለወጠ፣ ለጊዜው ያለፈው መከላከያ ካለ መቼ እንደመለሰው ጽፎ ይፈርምበት። ከተከራዮችዎ መካከል ሠራተኛ የሚያሠሩ ካሉም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታ ደኅንነትን ግዴታቸው ስላደረገው፣ ያንን መዝገብ የማየት መብት ይስጧቸው።

ክፍያውን በተመለከተ ለአቅራቢው ደብዳቤ ይጻፉ፤ የገቨርነሩና የሴፍቲ ጊሩ፣ የ125 በመቶው ብሬክ፣ የጭነት ማስጠንቀቂያው፣ የእያንዳንዱ ፎቅ በርና የከፍታው ስሌት በስም ተጠቅሰው፣ ሙከራው እርስዎና የራስዎ ባለሙያ በተገኛችሁበት እንዲደረግ ቀን ይቁረጡ፣ ግልባጩንም ማረጋገጫውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ያስገቡ። ሥራውን የሚያውቅ አቅራቢ ይህን በአንድ ቀን ይጨርስልዎታል፤ ውጤቱ ተፈርሞ እጅዎ ሲገባ ያን ጊዜ ቀሪውን ይክፈሉት።