ጀበናዋ ጠፍጣፋ ለሆነባት እህታችን

እህቴ፣ «ጀበና ስስል ጠፍጣፋ ይሆንብኛል፤ ሼዲንግ (የጥላ ጭረት) ብደራርብበትም ጠቆረ እንጂ ሆዱ አልወጣም። በየትኛው ዘዴ ልሳለው?» ብለሻል። እኔም በዚሁ ብዙ ደብተር ጨርሻለሁ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና የምታፈላልን እናት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የእሷን ጀበና እስላለሁ። ያው አንዱን ጀበና ነው፤ የምቀያይረው ዘዴውን ብቻ ነው።

ሼዲንጉን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ አንድ ሲኒ አንሺና ከዓይንሽ እኩል ያዢው። ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ቀስ እያልሽ ዝቅ ስታደርጊው አፉ እየተከፈተ ሞላላ ይሆናል። ጀበናም እንደዚያው ነው። ማቶቱ (ጀበናው የሚቀመጥበት ክብ ማስቀመጫ) ከአፉ ይልቅ ከዓይንሽ ስለሚርቅ፣ ሞላላው ከአፉ ሞላላ የበለጠ የተከፈተ መሆን አለበት። ብዙዎቻችን ግን መሬት ላይ መቀመጡን ስለምናውቅ ከታች ቀጥ አድርገን እንዘጋዋለን። ሆዱ እዚያ ላይ ይሞታል።

ቀጥሎ በእስክሪብቶ ሳይው። ላጲስ የለም። ዓይንሽ ከጀበናው ሳይነሳ፣ ወረቀቱን ሳታዪ፣ በጠርዙ ላይ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ጠማማ ይወጣል፤ ግን አትቅደጂው። በእጅ የተሠራ አንገት ትንሽ ዘንበል እንደሚል ያየሁት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ እጀታውን ትተሽ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሳይ። ክፍቱ ልክ ከመጣ እጀታው ራሱ ልክ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ጠፍጣፋ መሆን ሁሌም ጥፋት አይደለም። ጣና ዳር ዘጌ ሄደሽ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች እያቸው። በዋናነት በመስመርና በቀለም ቆመዋል፤ እንደኛ በሼዲንግ ብዙ አልተደገፉም። ግን መስመሩ አይፈራም። እጅሽ እንደዚያ እስኪደፍር ድረስ በመስመር ብቻ ብትቆዪ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥላው እንመለስ። ከተማችን ከጣና በስተደቡብ ስላለች፣ ፊቴን ወደ ውሃው ሳዞር የጠዋት ፀሐይ በቀኜ ትመጣለች። የጀበናው ግራ ጎን ይጨልማል። እኔ ለብዙ ጊዜ ግራውን ጠርዝ ከሁሉ አጥብቄ አጠቁረው ነበር። ልክ አልነበረም። በግራ የተደረደሩት ነጫጭ ሲኒዎች ብርሃን መልሰው ይወረውሩበታል። ስለዚህ በጣም የሚጠቁረው ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን ፈካ ያለ ነገር ስትተዪ ሆዱ ከወረቀቱ ይነሳል። ይህንን ያየሁ ቀን ቡናዬ ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

ጭረቶችሽም ሆዱን ተከትለው ይጉበጡ፤ ቀጥ ካሉ ግድግዳ ይመስላል። ኤችቢ እርሳስ ብቻ ከሆነ ያለሽ አይጠቁርልሽም፤ ለስለስ ያሉትንና የሚጠቁሩትን 4ቢ ወይም 6ቢ ፈልጊ። ካጣሽ ከምድጃው የቀዘቀዘ ከሰል ውሰጂ። ሻካራ ነው፣ ወረቀት ይቧጥጣል፣ ግን ሰፊ ጥቁር ለመጣል አሪፍ ነው። ከእጅሽ ሥር ሌላ ወረቀት አድርጊ፣ አለዚያ ሁሉም ይበላሻል። ነጥብ በነጥብ የሚሠራውን ጥላ ለኋላ አቆዪው፤ ጊዜ ይበላል።

ፀሐይ ስለምትሄድ፣ ከመጀመርሽ በፊት የጥላውን ድንበር በቀጭኑ ምልክት አድርጊበት። ስትለጥፊልን ደግሞ ብርሃኑ በየት በኩል እንደነበር ጻፊልን፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።