ምድጃውን ማን አየው?

ጥያቄ፦ የአምቡላንስ ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ። ሠልጣኞቼ የሥራ መመሪያውን በቃላቸው ይወጡታል፤ ሆኖም በስልክ የተነገራቸውን ይዘው ስለሚገቡ ቦታው ላይ ያለው ምልክት አይታያቸውም። ስለ ሒሳዊ አስተሳሰብ የግማሽ ቀን ገለጻ ባዘጋጅ ይጠቅማል?

መልስ፦ ገለጻው አይጎዳም፤ ችግሩን ግን አይፈታውም። ባለሙያ ማገናዘብን የሚለምደው በገዛ ሥራው ላይ፣ የመጀመሪያ ግምቱ ሊያሳስተው በሚችል ጉዳይ ደጋግሞ ሲፈተን ነው።

ለምሳሌ «የምግብ መመረዝ ነው፤ እናትና ሁለት ልጆች ያስመልሳቸዋል» ተብሎ የተደወለበትን ጥሪ ያለማምዷቸው። ባለሙያው ሲደርስ እናትየው ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል፤ ጣቷ ላይ የተደረገው የኦክስጅን መለኪያ 99 በመቶ ያሳያል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ጥግ ላይ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ አለ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ የተለመደው መለኪያ ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቀው በሽተኛዋ በቁጥር ጤነኛ ትመስላለች። ቁጥሩን ያመነ ባለሙያ ኦክስጅን አይሰጥም፤ ይባስ ብሎ እዚያው ቆሞ ጋዙን ራሱ ይተነፍሳል። በተለመደው አየር ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ሠልጣኙ ግምቱን ሲናገር «ከዚህ ግምት ጋር የማይገጥመው ምልክት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁት። እዚህ ላይ ከልጆቹ አንዷ፣ ጡት ብቻ የምትጠባው ሕፃንም ታማለች፤ ተቅማጥ ያለበት ሰው ግን የለም። ምድጃውን ካላየው ቶሎ አይንገሩት።

ይህ ሁሉ የመተንፈሻ ቧንቧው የተዘጋበትን ወይም ደም የሚፈስሰውን ሰው አይመለከትም፤ እዚያ መመሪያው ሳይንዛዛ ይፈጸም። ቦታው ለባለሙያው ራሱ አደገኛ መሆን አለመሆኑ ግን ከሁሉም በፊት ይታያል።

እግረ መንገዴን፣ አሽከርካሪውንም በልምምዱ ያስገቡት። ምድጃውን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ሊሆን ይችላል፤ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ዝም ካለ ጥፋቱ የቡድን መሪው ነው።

ከሁሉም በላይ የጎደለው የመልስ መልእክት ይመስለኛል። ባለሙያው በሽተኛውን አስረክቦ ይመለሳል፤ በሽታው በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደተገኘ ካልሰማ ግምቱ ትክክል እንደነበረ እያሰበ ይቀጥላል። ከሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ጋር ተስማምተው፣ ግምታቸውና የሐኪሙ ውሳኔ የተለያየባቸውን ጉዳዮች የበሽተኛው ስም ሳይጠቀስ በየወሩ ያስመጡና የሚቀጥለውን ልምምድ ከእነሱ ያዘጋጁ።