«ምንም ሳያመኝ ለምን ልታከም?»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ክላሚዲያ የሚባል የአባላዘር በሽታ ተገኘባት። ዶክሲሳይክሊን ታዝዞላት ለ7 ቀን ወስዳ ጨርሳለች። እኔ ሕመምም ፈሳሽም የለኝም። የግድ መታከም አለብኝ? እሷስ መዳኗን ለማረጋገጥ አሁኑኑ ደግማ ትመርመር? ከሁለታችን ማን እንዳመጣውስ ይታወቃል?

መልስ፦ ይታከሙ፤ ያውም ዛሬ ነገ ሳይሉ። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ምንም ምልክት አያዩም፤ ያለ ምልክት ግን ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የእርስዎ ጤነኛ ሆኖ መሰማት ማስረጃ አይሆንም። ናሙና ሰጥተው ውጤቱ እስኪደርስ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን ይጀምሩ።

በጣም የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ባለቤትዎ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳሉ ወይም ከጨረሱ በኋላ ተገናኝታችሁ ከሆነ፣ በሽታው ተመልሶ ሊይዛቸው ስለሚችል እሳቸውም እንደገና መታከም አለባቸው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የትዳር ጓደኛ ሳይታከም መቅረት ነው።

ናሙና ሲሰጡ፦ ከዚያ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ሽንት አይሽኑ። በሌላ የሽንት ምርመራ የመሃሉ ይፈለጋል፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ነው የሚጠቅመው። ባክቴሪያው የሚኖረው የሽንት ቧንቧውን በሚያለብሱት ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ ጠርጎ የሚያወጣው የመጀመሪያው ሽንት ነው። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ዕቃውን ከሞሉት ናሙናው ይቀጥናል። ለሴቶች ከሽንት ይልቅ ከብልት ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና የተሻለ ነው፤ ራሳቸው ሊወስዱት ይችላሉ። ተራው የማይክሮስኮፕ የሽንት ምርመራ ክላሚዲያን አያሳይም፤ የባክቴሪያውን ዘረመል አባዝቶ የሚለየውን ምርመራ ይጠይቁ። በዚያው ናሙና ጨብጥም ይታያል። ለቂጥኝና ለኤችአይቪ ደም ይስጡ።

መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ነው። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋደም አይበሉ፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ከብረት ኪኒን ወይም ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋር አብረው አይውሰዱት፤ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ ሰውነትዎን ይሸፍኑ። ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለእርጉዝ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ 1 ግራም አዚትሮማይሲን ነው። ሁለታችሁም ጨርሳችሁ እስክትወስዱ ድረስ ግንኙነት ይቁም፤ በኮንዶምም ቢሆን።

አሁኑኑ መመርመር ያሳስታል። የሞተው ባክቴሪያ ርዝራዥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ምርመራው «አለ» ሊል ይችላል። እርጉዝ ካልሆኑ በ3 ወር ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ እርጉዝ ከሆኑ ግን መጀመሪያ በ4 ሳምንት ገደማ፣ ከዚያ በ3 ወር ይድገሙ።

ማን አመጣው ለሚለው፣ ምርመራው መልስ የለውም። በሽታው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ስለሚችል ከትዳራችሁ በፊት የነበረም ሊሆን ይችላል። በዚህ ውጤት ብቻ ተነሥታችሁ አትወነጃጀሉ። ባለፉት 60 ቀናት ሌላ የተገናኛችሁት ሰው ካለ ግን ያ ሰው ሊነገረውና ሊታከም ይገባል።

ባለቤትዎ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳት ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካላቸው ኢንፌክሽኑ ወደ ማሕፀንና ወደ እንቁላል ቧንቧ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይያቸው። ለዚያ የ7 ቀኑ ኪኒን አይበቃም፤ ሕክምና ከዘገየ ቧንቧው ጠባሳ ይዞ መካንነትን ወይም ከማሕፀን ውጭ እርግዝናን ሊያስከትል ይችላል። እርስዎም የዘር ፍሬዎ ካበጠ ወይም ካመመዎ በዚያው ቀን ይሂዱ።