ስግደቱ ከሣጥኑ ይቀድማል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የገና ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጭንቀት ናቸው፤ ስጦታው በዓሉን እየዋጠው ነው የሚል። አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን የ5፣ የ8 እና የ11 ዓመት ናቸው። በበዓሉ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ወደ ስጦታው ነው የሚሮጡት። ተከፍቶ ካለቀ በኋላ የልደቱን ታሪክ እናንብብ ስንላቸው የሚሰማን የለም። ስጦታውን ጨርሶ ብናስቀረውስ?

መልስ፦ አያስቀሩት፤ ቅደም ተከተሉን ይለውጡት። ማቴዎስ 2፥11ን ልብ ብለው ይመልከቱ። ሰብአ ሰገል ወደ ቤት ገቡ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ከማርያም ጋር አዩት፣ ወድቀው ሰገዱለት፤ ሣጥናቸውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ወርቁም ዕጣኑም ከርቤውም ስግደቱን ተከትለው መጡ። በእናንተም ቤት እንዲሁ ይሁን።

በዋዜማው ማታ ስጦታዎቹን ልጆቹ ከማያዩበት ክፍል ያስቀምጡ። ስጦታው ፊቱ ተቀምጦ ታገሥ ቢሉት የ5 ዓመት ልጅ አቅም የለውም፤ ጆሮው እናንተ ዘንድ ቢሆን ልቡ እዚያ ነው። ጠዋት ሁሉም ተጣጥቦ ሲሰበሰብ ሉቃስ 2፥1–20ን አንብቡ። ረጋ ተብሎ ቢነበብ 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው። ትልቁ ልጅ ከቁጥር 1 እስከ 7፣ መካከለኛው ከ8 እስከ 13፣ ከእናንተ አንዳችሁ ከ15 እስከ 20 ያንብብ። ቁጥር 14፣ «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» የሚለው የመላእክት ምስጋና፣ የትንሹ ድርሻ ይሁን፤ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ በቃሉ አስጠኑት። ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ሌላውን ሁሉ አብሮ ያዳምጣል። ከዚያ አንድ መዝሙርና አጭር ጸሎት። ሁሉም ተደምሮ ከ12 ደቂቃ አይበልጥ።

ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በወላጆች ነው። አንዱ ስሕተት ንባቡን ወደ ስብከት ማስረዘም ነው። ሌላው፣ የባሰውም፣ «ካላነበባችሁ ስጦታ የለም» ማለት ነው። እንዲህ የተባለ ልጅ የእግዚአብሔርን ቃል ከደስታው ፊት የቆመ አጥር አድርጎ ይይዘዋል፤ ያ ስሜት ካደገም በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አድርጋችሁ አታቅርቡት። በቤታችን የበዓሉ መጀመሪያ ይህ ነው ብላችሁ በየዓመቱ ሳታዛንፉ አድርጉት።

ስጦታው ሲከፈትም ሁሉም ባንዴ አይቅደድ። አንድ በአንድ ይሁን፤ የሰጠው ሰው ለምን ያንን እንደመረጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። እያንዳንዱ ልጅም በእጁ የሠራው ቢሆን እንኳ ለሌላው የሚሰጠው ነገር ይኑረው። ሲቀበል ብቻ ያደገ ልጅ ገናን የሚያውቀው በግማሹ ነው።

ጥያቄ፦ በቤተሰባችን 12 አዋቂዎች አለን፤ ሁሉም ለሁሉም ይሰጣል። ለስጦታው ስል እበደራለሁ፣ ለሳምንታት ስሯሯጥ ከርሜ በበዓሉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ድካሙ አያስጸልየኝም። ብተወው ይቀየሙኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ 12 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለ11 ሲሰጡ 132 ስጦታ ይሆናል። ይህን ያህል ነገር ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ ተጠቅልሎ ለጸሎት ጉልበት ባይተርፍ አይገርምም። እያንዳንዱ ስሙ በዕጣ ለደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ከሰጠ ግን ስጦታው 12 ብቻ ነው። ዕጣውን ከበዓሉ 6 ሳምንት ቀድማችሁ አውጡ፤ የዋጋውን ጣሪያ ከዕጣው በፊት ተስማሙበት። ጣሪያው አነስተኛ ገቢ ያለው የቤተሰቡ አባል ሳይበደር የሚችለው ይሁን። የራሱን ስም ያወጣ ሰው ካለ እሱ ብቻውን አይቀይር፤ ሁሉም ወረቀቱን መልሶ ዕጣው እንደገና ይውጣ፣ አለበለዚያ ማን ለማን እንደደረሰው ይታወቃል። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው አንድ ሰው በፍቅር ተነሣስቶ ከጣሪያው በላይ ሲያወጣ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ያንን ለመድረስ ይሯሯጣል። ስለዚህ ጣሪያውን ማለፍ ለጋስነት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ሐሳቡን የሚያነሡት በበዓሉ ዋዜማ አይሁን፤ ሁሉም ገዝቶ ጨርሷል። ቀደም ብለው፣ በመጀመሪያ ከቤተሰቡ ታላላቆች ለአንዱ ለብቻቸው ይንገሩ፤ እሳቸው ያነሡት እንደሆነ ቅያሜ አይኖርም።

ብድሩን በተመለከተ ሳናለዝብ እንነግርዎታለን፦ ይተዉት። ሮሜ 13፥8 ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ይላል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 ደግሞ በኀዘን ወይም በግድ መስጠትን አይፈልግም። ቅያሜን ፈርቶ የተገዛ ስጦታ ከግድ አይለይም። ማርታንም ኢየሱስ የገሠጻት በማገልገሏ አልነበረም፤ አገልግሎት በዝቶባት በመባከኗ ነው (ሉቃስ 10፥40–41)። ግዢውን ከበዓሉ 10 ቀን በፊት ይዝጉ፤ ከዚያ ወዲያ ያልተገዛ ሳይገዛ ይቅር፣ በምትኩ ደብዳቤ ይጻፉ። እነዚያን 10 ቀናት ለእንቅልፍና ለጸሎት ይጠብቋቸው።

ጥያቄ፦ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በቤት ውስጥ ምን ብናነብ ይሻላል? ጀምረን ሁልጊዜ መሃል ላይ እናቆማለን።

መልስ፦ የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው። ዲሴምበር 25 የምታከብሩ ከሆነ ዲሴምበር 1 ቢጀመር በቀን አንድ ምዕራፍ ሆኖ በዋዜማው ያልቃል፤ ጃንዋሪ 7 የምታከብሩ ከሆነ በዲሴምበር 14 ጀምሩ። በዋዜማው ማታ የትንሣኤውን ምዕራፍ አንብቦ በማግስቱ ወደ ግርግሙ መመለስ ትልቅ በረከት አለው፤ ሰው የተወለደው ማን እንደሆነ አውቆ ነው ወደ በዓሉ የሚገባው።

መሃል ላይ የምታቆሙት ግን በጅማሬው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ምዕራፍ 1 ብቻውን 80 ቁጥሮች አሉት፤ ከሥራ የመጣ ሰውና እንቅልፍ የመጣበት ልጅ አይችሉትም። አንድ ቀን ቀድማችሁ ጀምሩና ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ ቀን እስከ ቁጥር 38፣ በማግስቱ ከ39 እስከ መጨረሻው። ያመለጣችሁን ቀን ለመካስ ሦስት ምዕራፍ ባንድ ማታ አታንብቡ፤ የዕለቱን ብቻ አንብባችሁ ቀጥሉ። ሰዓቱንም ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት፤ ለምሳሌ እራት እንዳለቀ፣ ገበታው ሳይነሣ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የገና አባት እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እውነቱን ይንገሯት። የገና አባት ታሪክ መነሻ ስለሆነው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የሚራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ስለነበረው ስለ ቅዱስ ኒቆላዎስ ይተርኩላት። ትውፊቱ እንደሚለው ድኻ አባት ላላቸው ሦስት ልጃገረዶች ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ በቤታቸው ጣለላቸው። ይህን ከማቴዎስ 6፥3 ጋር አያይዙት፤ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለው ነው። ከዚያ አብራችሁ አንድ ነገር አድርጉ፦ የተቸገረ ጎረቤት ምረጡና ስማችሁን ሳትጽፉ የሚያስፈልገውን በሩ ላይ አኑሩ። ለማንም እንዳትናገር አደራ ይበሏት። የ7 ዓመት ልጅ ምስጢር መጠበቅ በጣም ትወዳለች።