ፈቃዱ በአበልጄ ስም፣ ገንዘቡ የእኔ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ ከከፈትን አራት ዓመት ሆነን። እኔ በፊት አራዳ ልብስ እነግድ ነበር። የላብራቶሪ ውጤት ለታካሚ በቴሌግራም እንልካለን። አሁን የግል መረጃ ሕግ ወጥቷል፣ ያስቀጣል ሲሉ ሰማሁ። እንግዳ መቀበያ ላይ የነበረች ልጅ ደግሞ ሥራ ስትለቅ የክሊኒኩን ስልክ ይዛ ሄዳለች። አዲስ የጤና አዋጅና አዲስ የግብር ሕግም አለ ይባላል። ምን ምን ላስተካክል? በተጨማሪ አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። አበልጄ ነው፣ በመካከላችን ችግር የለም። ክሊኒኩን በስሜ ለማዛወር ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቴሌግራሙና ስለ ስልኩ በዝርዝር ጽፈዋል። ስለ ባለቤትነቱ ግን መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጣል አድርገዋል። እኔን ያሳሰበኝ ያ መስመር ነው። “በስሜ ለማዛወር” ካሉ ክሊኒኩ ዛሬ በስምዎ አይደለም ማለት ነው። ስለ ውልም አንዲት ቃል አልጻፉም። እንደምገምተው ገንዘቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ የብቃት ማረጋገጫውና የንግድ ፈቃዱ ግን በሐኪሙ ስም ነው። ግምቴ ስህተት ከሆነ ደስ ይለኛል። ትክክል ከሆነ ግን ከቴሌግራሙ በፊት የሚስተካከለው ይህ ነው።

የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መድቦታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ከእጅ ሲወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለ። ስለዚህ የስልኩ ነገር ለነገ አይባልም። ዛሬውኑ የቴሌግራም አካውንቱን ከዚያ ስልክ ያስወጡ፣ ሲም ካርዱን ያዘጉ፣ ስልኩ እንዲመለስ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የጠየቁበትንም ቅጂ ያስቀምጡ። ውጤት በቴሌግራም የሚላከው ታካሚው ፈቅዶ ሲፈርም ብቻ ይሁን። የታካሚን ምስጢር ማውጣት ደግሞ ከዚህ አዋጅ በፊትም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣ ነበር።

የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1362/2017 ሰፊ ሕግ ነው። ጽሑፉን አግኝተው ስለ ተቋም ፈቃድና ስለ ባለሙያ ኃላፊነት የሚናገረውን ክፍል ከጠበቃ ጋር ያንብቡት። በግብር በኩል በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የደረጃ “ሐ” ግብር ከፋይ ቀርቷል። ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ “ሀ” ይገባል፣ የሂሳብ መዝገብም ይይዛል። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ይህን ሰምተው ከገቢ ግብርም ነፃ የሆኑ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደሉም።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ባለቤቱ ማን ነው? የታካሚውን መረጃ የሚያስተዳድረው ማን ነው? ግብር ከፋዩ ማን ነው? በወረቀት ላይ መልሱ “ሐኪሙ” ነው። በተግባር ግን እርስዎ ነዎት። ይህ ልዩነት ባለበት ክሊኒክ ውስጥ የቱንም አዲስ ሕግ በትክክል መፈጸም አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ይስማማሉ። ፈቃዱ በባለሙያው ስም ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሽማግሌ ፊት፣ “የውስጥ ውል” የሚሉትን አንድ ወረቀት ይፈራረማሉ። “ክሊኒኩ በእገሌ ስም ቢሆንም እውነተኛ ባለቤቷ እገሊት ናት” ይላል። ባለገንዘቧ ያን ወረቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ በሰላም ትተኛለች። እርስዎም እንዲህ ያለ ወረቀት ካለዎት፣ እባክዎ በእሱ አይተማመኑ።

የንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ፣ የሚከራይ ወይም በመያዣ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። የብቃት ማረጋገጫም የተሰጠው ተለይቶ ለታወቀ ተቋምና ባለሙያ ነው። የውስጥ ውሉ እንግዲህ የሚመሰክረው ፈቃዱ ለሌላ ሰው ሥራ መዋሉን ነው። ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ሲያቀርቡት፣ ያድነኛል ያሉት ወረቀት በእርስዎም በሐኪሙም ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 መሠረት ዓላማው ሕገወጥ የሆነ ውል ውጤት የለውም። ሕጋዊ ፈቃድ ሳይኖር መነገድ ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ እስራትም አለው።

“ውሉ ቢፈርስ ገንዘቤን አገኛለሁ” ይሉኝ ይሆናል። ቁጥር 1815 ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ይላል። ግን የሚመለስልዎ ያስረዱት ብቻ ነው። የአልትራሳውንዱ ደረሰኝ በማን ስም ተቆረጠ? የባንክ ሂሳቡስ የማን ነው? ገንዘቡን በእጅ ነው የሰጡት ወይስ በባንክ? “አበድሬው ነበር” ብለው ቢከራከሩ እንኳ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ ተበዳሪው ራሱ በችሎት ማመኑ ወይም መሐላ ያስፈልጋል። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት 500 ብር እንደወጣ እርስዎ ያውቁታል።

አበልጅዎ ታማኝ ሰው ናቸው እንበል። አምናለሁ። ልጅዎን ክርስትና ያነሡ ሰው ይክዱኛል ብለው አለማሰብዎን አልወቅስም። አደጋው ግን ከእሳቸው ልብ ውጭ ነው ያለው። እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ነገር ቢደርስባቸው፣ ክሊኒኩ በወረቀት የውርስ ሀብት ነው። ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ባለቤታቸው ግማሹን ቢጠይቁ ጥያቄው የሕግ መሠረት አለው። ባለዕዳ ከሆኑ አበዳሪያቸው የክሊኒኩን ሂሳብ ሊያሳግድ ይችላል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አበልጅነት የለዎትም። ይህን አስቀድመው ማሰብ ነበረብዎ፤ እህቴ፣ እዚህ ላይ ብቆጣዎት አይከፉብኝ።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። በቅድሚያ ሐኪሙ ከጎንደር ሳይወጡ ያነጋግሯቸው። ሰላም ያላችሁ ጊዜ ይህ ነውና ፊርማቸውም ቃላቸውም አሁን ይገኛል። ሰነድ ሰብስቡ፦ የባንክ ማስተላለፊያዎች፣ የግዢ ደረሰኞች፣ የኪራይ ውል፣ የሠራተኞች ውል፣ የግብር ማስታወቂያዎች፣ በስልክ የተጻጻፋችሁት ሳይቀር። የክሊኒኩን ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩ ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ ወረቀቱን ይዘው፣ ምንም ሳይደብቁ። ለጠበቃ የተደበቀ ነገር በችሎት ይወጣል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አያድርጉ። “ከአራት ዓመት በፊት እንደተሸጠ አድርገን ቀኑን ወደ ኋላ እንጻፈው” የሚል መካሪ አይጠፋም። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ዛሬ ያለብዎት ችግር መፍትሔ አለው፤ ያን ከጨመሩበት ግን እኔም ሌላውም ጠበቃ ብዙ ልንረዳዎ አንችልም።

ሕጋዊው መንገድ ፈቃዱን መውረስ አይደለም። የሚሸጠው የንግድ መደብሩ ነው፤ ማለትም ዕቃው፣ ስሙ፣ ደንበኛው፣ የኪራይ መብቱ። ይህ በጽሑፍ ተደርጎ ውልና ማስረጃ ዘንድ ይረጋገጣል፣ በንግድ መዝገብ ይገባል። ፈቃዱን እርስዎ በራስዎ ስም ወይም በሚያቋቁሙት ማኅበር ስም እንደ አዲስ ያወጣሉ። የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ብዙዎች የዘመድ ስም ይዋሱ ነበር፤ አሁን ያ ምክንያት የለም። ሐኪሙ ከርቀትም ቢሆን ባለድርሻ ሆነው መቀጠል ከፈለጉ ድርሻቸው በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

ከመሸጫ ውሉ በፊት ግን የከተማው ጤና መምሪያ ዘንድ ይሂዱ። የጤና ባለሙያ ያልሆነ ሰው በዚህ ደረጃ ተቋም ባለቤት የሚሆነው በምን ሁኔታ እንደሆነ፣ የሙያ ኃላፊው ምን ማሟላት እንዳለበት በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። የቃል መልስ ይዘው ገንዘብ አይክፈሉ። ከገቢዎች መምሪያም በሐኪሙ ስም ያለው የግብር ዕዳ መጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። ስንት ቀን ይፈጃል ላሉት ቀን አልቆርጥልዎም፤ የሚወሰነው በዚህ መልስና በሰነዶችዎ ነው።

ሐኪሙ ከሄዱ በኋላ ሌላ ብቁ ኃላፊ ሳይተካና ተቆጣጣሪው ሳያውቅ አንድም ታካሚ አይቀበሉ። ገቢ እንደሚቋረጥብዎት ይገባኛል። ግን በዚያ ክፍተት አንድ እናት መርፌ ተወግታ ብትጎዳ መጀመሪያ ጉዳቱ የእሷ ነው። ቀጥሎም ተጠያቂ ሲፈለግ በፈቃዱ ላይ ስማቸው ያለው ሐኪምም፣ ሥራውን የሚመሩት እርስዎም ትጠየቃላችሁ።

ሠራተኞቹን በተመለከተ አይስጉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅቱ ባለቤትነት መዛወር የሥራ ውላቸውን አያቋርጥም። የቤት ኪራይ ውሉ ግን በሐኪሙ ስም ከሆነ አከራዩ ካልተስማማ ዕቃውን ገዝተው ቤት ሊያጡ ይችላሉ። የመሸጫውን ውል ሳይፈርሙ የአከራዩን ስምምነት በጽሑፍ ይያዙ፤ ረቂቁንም ለጠበቃዎ ሳያሳዩ እንዳይፈርሙ።